«ተዪው ያለኝ ሐኪም ነው»

ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ የሚወስደውን መንገድ ይዞ የሄደ ሰው ብልባላን ያውቃታል። ለጎብኚ ብልባላ ማለት ብልባላ ቂርቆስና ብልባላ ጊዮርጊስ፣ ከዓለት የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። ለእኔ ግን ብልባላ የአክስቴ ቤት ናት። ልጅ ሆኜ ክረምቱን ያሳለፍኩባት፣ ዛሬም ለገና ወደ ላሊበላ በወጣሁ ቁጥር ጎራ የምልባት።

አክስቴ ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ ቁጥር አይናገሩም። «በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ የሦስት ልጆች እናት ነበርኩ» ይላሉ። ከዚያ ተነስቶ ማስላት የጠያቂው ፋንታ ነው። እኔ ሳሰላው ሰባን ሳይጠጉ አይቀሩም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ራስ ምታት አልለቅ ቢላቸው ጤና ጣቢያ ሄደው ደም ግፊት እንዳለባቸው ተነገራቸው። በየቀኑ ጠዋት የምትዋጥ አንዲት ክኒን ታዘዘች። ክኒኗን ሙዳይ ውስጥ አስቀምጠው፣ ፊታቸውን ታጥበው ዳዊት ሲደግሙ ከአጠገባቸው አድርገው፣ አንድ ቀን ሳያጓድሉ ዓመት ከመንፈቅ ወሰዱ።

አንድ ገና ላይ የልጅ ልጃቸው ከአዲስ አበባ መጣ። ልጁ አያቱን ይወዳል። ክኒን መዋጣቸውን ሲያይ አዘነና በስልኩ አንድ ቪዲዮ ከፈተላቸው። ነጭ ጋዋን የለበሰ፣ የልብ ማዳመጫ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ነው። የግፊት ክኒን ኩላሊትን እንደሚጨርስ፣ በምትኩ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ከሎሚ ጋር ለሃያ አንድ ቀን ቢወሰድ ግፊት ከነሥሩ እንደሚነቀል ተረጋግቶ ያስረዳል። ፌጦው ከጓዳ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ከጓሮ ነው። ሙዳዩ ተዘጋ።

ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ። የነነዌ ጾም ሲያዝ አንድ ጠዋት አክስቴ ስኒ ከእጃቸው አመለጣቸው። አፋቸው ወደ አንድ ወገን ተጣመመ፣ ንግግራቸውም ተኮላተፈ። ጎረቤት ተሰበሰበ። «መጋኛ ነው የመታቸው» ተባለ። ሰውነታቸው ታሸ፣ ጸበል ተወሰዱ። ሆስፒታል የደረሱት በሦስተኛው ቀን ነው። እዚያ የተነገረው ስትሮክ፣ ማለትም በአንጎል ውስጥ የደም ዝውውር መቋረጥ መሆኑ ነው። ዛሬ በሕይወት አሉ፤ ይነጋገራሉ፤ በምርኩዝም ይሄዳሉ። ቀኝ እጃቸው ግን እንጀራ አይጋግርም።

ልጠይቃቸው በሄድኩ ጊዜ፣ «እትዬ፣ ምነው መድኃኒቱን ተዉት?» አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝና፣ «ምን ላድርግ ልጄ፣ ተዪው ያለኝ ሐኪም ነው» አሉኝ።

ይህ መልስ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። አክስቴ ሐኪም አልናቁም፤ እንዲያውም ሰሙ። የታዘዘላቸውን ያደረጉ መስሏቸው ነው። ክኒኗን ሲሰጧቸው ዕድሜ ልክ የምትወሰድ መሆኗን፣ ብትቋረጥ ምን እንደሚከተል በሚገባቸው ቋንቋ የነገራቸው ሰው አልነበረም። የስልኩ ሰውዬ ግን በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ፣ ምክንያት እየሰጠ ነገራቸው። የተሻለ ያስረዳውን አመኑ።

ጋዋኑን ማን አለበሰው?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 ዓ.ም የኮሮና ወረርሽኝ ሲጀምር፣ ከበሽታው ጎን ለጎን የመረጃ ወረርሽኝም እንዳለ አስጠንቅቆ ነበር። እውነቱም ሐሰቱም በአንድነት እንደ ጎርፍ ሲመጣ ሰው የቱን እንደሚይዝ ይቸግረዋል ማለት ነው። በእኛም አገር በዚያን ወቅት ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ዋጋቸው እንዴት እንደተሰቀለ የማያስታውስ የለም። ወረርሽኙ ጋብ ሲል ጎርፉ ግን አልጎደለም፤ ወደ ግፊት፣ ወደ ስኳርና ወደ ሪህ ዞረ። እነዚህ ደግሞ የአረጋውያን ሕመሞች ናቸው።

ለምን አረጋውያን ላይ ይበረታል? አንደኛ፣ ዓይናቸው ስለሚደክም ጽሑፉን አያነቡም፤ ምስሉንና ድምፁን ያምናሉ። ሁለተኛ፣ መረጃው የሚደርሳቸው ከማያውቁት ሰው አይደለም፤ ከሚወዱት ልጅ ወይም የልጅ ልጅ እጅ ነው። ሦስተኛውና ዋናው፣ ሕመማቸው ቶሎ የማይድን፣ አብሮ የሚኖር ነው። «በሃያ አንድ ቀን ይነቀላል» የሚለው ቃል ጆሮ የሚያገኘው «ዕድሜ ልክ ይወሰዳል» የተባለ ሰው ዘንድ ነው።

ስለዚህ አንድ የጤና መረጃ በስልክም ሆነ በሰው አፍ ሲደርስዎ መጀመሪያ የሚጠየቀው «እውነት ነው ወይ?» አይደለም። ያንን ለመመለስ ዕውቀት ይጠይቃል። የሚቀለው ጥያቄ «የሚናገረው ማን ነው? ከንግግሩስ ምን ያገኛል?» የሚለው ነው። ጋዋን በገበያ ይገዛል፤ የልብ ማዳመጫም እንዲሁ። ዛሬ ደግሞ የታወቀ ሐኪምን መልክና ድምፅ በኮምፒዩተር አስመስሎ ማናገር ይቻላል፤ በሌሎች አገሮች ሐኪሞች «እኔ አላልኩም» እያሉ ሲያስተባብሉ ይሰማል። ሰውዬው የት ሆስፒታል እንደሚሠራ፣ ሙያው ምን እንደሆነ ተናግሯል? ወይስ በመጨረሻ «በዚህ ስልክ ደውለው ይዘዙ፣ ያሉበት ድረስ እንልካለን» ይላል? የሚሸጥ ነገር ካለው ነጋዴ ነው፤ ነጋዴ መሆኑ ነውር ባይሆንም ምክሩ እንደ ነጋዴ ምክር መመዘን አለበት።

ሌላው ምልክት መድኃኒቱ የሚያድናቸው በሽታዎች ብዛት ነው። አንድ ዱቄት ስኳርንም፣ ግፊትንም፣ ሪህንም፣ ኪንታሮትንም፣ የዓይን ሞራንም ይፈውሳል ከተባለ፣ የሚፈውሰው የለም ብሎ መገመት ይሻላል። ከሁሉ የከፋው ምልክት ግን «ሐኪም ያዘዘልህን ተው» የሚለው ነው። እውነተኛ ሐኪም የማያውቀውን፣ መርምሮ ያላየውን ሰው በስልክ መስኮት «መድኃኒትህን አቁም» አይልም። ይህን ቃል የሰማ ሰው ሌላውን ሁሉ ትቶ እዚያው ላይ ቢያቆም አይሳሳትም።

«ግፊቴ ሲነሳ ይታወቀኛል»

ከአክስቴ ጋር ስንጫወት ሌላም ነገር ነገሩኝ። ክኒኗን ከተዉ በኋላ ምንም አልተሰማቸውም። «ደህና ነበርኩ፣ እንዲያውም ቀለል አለኝ» አሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ሕመም አያሰማም። ራስ ምታት ሲኖር ግፊት ነው፣ ሳይኖር የለም ማለት አይቻልም። ሁለት መቶ የደረሰ ግፊት ይዘው እርሻ የሚያርሱ ሰዎች አሉ። ግፊት የሚታወቀው በመለካት ብቻ ነው።

የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2007 ዓ.ም ባካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉ ሰዎች 16 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ከፍ ያለ ደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። ዕድሜ ሲጨምር ይህ ቁጥር ከፍ ይላል። አብዛኞቹም ከዚያ በፊት ተለክተው አያውቁም ነበር።

መለካቱም ወግ አለው። ቁልቁለቱን ወርዶ፣ አቀበቱን ወጥቶ፣ ገና ትንፋሹ ሳይሰበሰብ የተለካ ሰው ግፊቱ ከፍ ብሎ ይታያል። ከመለካት በፊት ቢያንስ አምስት ደቂቃ ዐረፍ ማለት፣ ጀርባን ደገፍ አድርጎ፣ እግርን መሬት አስነክቶ፣ ክንድን በልብ ትክክል አስቀምጦ መቀመጥ ያስፈልጋል። ቡና ከጠጡ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። በሚለካበት ጊዜ አለመናገርም ይመከራል። ለአብዛኛው ሰው በተደጋጋሚ ተለክቶ ከ140 በ90 እኩል ወይም በላይ ከሆነ ከፍ ያለ ነው ይባላል። በአንድ ልኬት ብቻ ግን «ግፊት አለብህ» ወይም «የለብህም» ብሎ መደምደም ልክ አይደለም። በአዲስ አበባ በየመንገዱ ዳር ከሚዛን ጎን የሚለኩ አሉ፤ ከፍ ብሎ ካሳያቸው ወደ ጤና ተቋም መሄጃ ምክንያት ይሁናቸው እንጂ መድኃኒት መጀመሪያም ማቆሚያም አይሁን።

እዚህ ላይ ስለ ጨው አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በወሎ ገጠር ቡና በጨው መጠጣት የቆየ ልማድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው ይመክራል። ከላይ ባልኩት ጥናት የአገራችን ሰው በአማካይ በቀን ከ8 ግራም በላይ እንደሚወስድ ታይቷል። በሽሮው፣ በበርበሬው፣ በወጡ የገባው ሳያንስ ስኒው ውስጥም ሲጨመር ድምሩን አስቡት። አክስቴ አሁን ቡናውን ያለ ጨው ይጠጣሉ። «ዕጣቢ ዕጣቢ ይለኛል» እያሉ ነው ታዲያ።

ፌጦውስ?

ባህላዊ መድኃኒትን በጅምላ የሚያጥላላ ጽሑፍ አንባቢ አያሸንፍም፤ ልክም አይደለም። ጦስኝ፣ ጤና አዳም፣ ዳማከሴ ያላደገባቸው ሰው በላስታ የለም። ነጭ ሽንኩርት ግፊትን በመጠኑ ዝቅ እንደሚያደርግ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። «በመጠኑ» የሚለው ቃል ግን መዘንጋት የለበትም፤ የክኒንን ቦታ አይተካም። በብዛት ሲወሰድ ደግሞ ደም ቶሎ እንዳይረጋ ስለሚያደርግ፣ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ለሚወስድ ወይም ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቅ ሰው አደጋ አለው። አብሽና ሺፈራው የደም ስኳርን ሊያወርዱ ይችላሉ። የስኳር መድኃኒት እየወሰዱ በላዩ ላይ ሲጨመሩ ስኳሩ ከልክ በላይ ሊወርድና አረጋዊውን ራሱን ሊያስተው ይችላል። ኮሶ የአገር መድኃኒት ነው፤ ከመጠን ያለፈ ኮሶ ግን ዓይን እንደሚጎዳ በሕክምናው የታወቀ ነው።

ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ የሚወስዱትን ሁሉ መናገር ያስፈልጋል። ብዙ አረጋውያን «ይቆጡኛል» ብለው ይደብቃሉ። ባለሙያውም ቢሆን ሳይቆጣ መጠየቅ ይገባዋል፤ የተቆጣ ባለሙያ በሚቀጥለው ጊዜ እውነቱን አይሰማም።

በጸበሉ ጉዳይም እንዲሁ ነው። አክስቴ ወደ ጸበል በመወሰዳቸው አላዝንም፤ የማዝነው መጀመሪያ ወደ ሆስፒታል ባለመወሰዳቸው ነው። በ1999 ዓ.ም ያን ጊዜ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን በእንጦጦ ጸበል እየተጠመቁ መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ፣ ሁለቱ እንደማይጋጩ በይፋ ማስተማራቸው ይታወሳል። ለግፊትና ለስኳርም ያው ነው። ጸበልተኛው ክኒኑን በኪሱ ይዞ ይሂድ። ፊት ከተጣመመ፣ አንድ ወገን እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ግን ሰዓት የሚሰጥ ሕመም አይደለም። በአንጎል የረጋውን ደም የሚያሟሟ ሕክምና በተሟሉ ሆስፒታሎች የሚሰጠው በመጀመሪያዎቹ አራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ይህ ሕክምና በአቅራቢያ ባይኖር እንኳ በቶሎ መድረስ ሌላ ጉዳት እንዳይጨመር ያደርጋል። «መጋኛ» የሚለው ስም ብዙ ሰው አዘግይቷል።

ታዲያ ማንን እንጠይቅ?

በብልባላ ላለ አረጋዊ ቅርቡ ሰው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናት። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያዎች እንዲኖሩ ታስቦ ነበር። ትኩረቱ ለረጅም ጊዜ እናቶችና ሕፃናት፣ ክትባት፣ መጸዳጃ ቤት ላይ ስለነበር ሽማግሌዎችና አሮጊቶች «የእኛ አይደለችም» ብለው ለምደዋል። ይህ መለወጥ አለበት። ዛሬ ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎችም በፓኬጁ ውስጥ ስላሉ እሷን መጠየቅ መብት ነው። የማታውቀውን ወደ ጤና ጣቢያ ትመራለች። ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ላሊበላ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ወልድያና ደሴ ይሄዳል።

መታወቅ ያለበት እውነት አለ። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ በሰሜን ወሎ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። መድኃኒት የተቋረጠባቸው የግፊትና የስኳር ታካሚዎች ብዙ ነበሩ። ክኒን ሲጠፋ ሰው ያገኘውን መሞከሩ አይገርምም። ያን ጊዜ የለመደው አማራጭ ግን መድኃኒቱ ከተመለሰ በኋላም አብሮት ቀርቷል። አረጋዊን «ለምን ተዉት?» ብሎ ከመውቀስ በፊት ይህን ማስታወስ ተገቢ ነው። የገንዘብ ችግር ላለበት ደግሞ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባልነት በዓመቱ መጀመሪያ ካልታደሰ ችግሩ በመሃል ይመጣል።

የመድኃኒት ነገር ከሆነ የመድኃኒት ባለሙያው፣ ማለትም ፋርማሲስቱ፣ ብዙ ሰው የማይጠቀምበት ጥሩ አማካሪ ነው። በተለይ አንድ ነገር ይጠይቁት። አረጋውያን ክኒናቸውን የሚያውቁት በቀለም ነው፤ «ነጯ የግፊት፣ ቢጫዋ የስኳር» ይላሉ። ያው መድኃኒት ከሌላ ፋብሪካ ሲመጣ ቀለሙና ቅርጹ ይለወጣል። አንዳንዱ «ይህ የእኔ አይደለም» ብሎ ይተዋል፤ ሌላው ከአሮጌው ጋር ደርቦ ሁለት እጥፍ ይወስዳል። የመድኃኒቱ ስም፣ ለምሳሌ አምሎዲፒን ወይም ኢናላፕሪል የሚለው፣ በአማርኛ ፊደል ተጽፎ ከካርዱ ጋር ቢቀመጥ ቀለም ቢለወጥም ስሙ አይለወጥም።

ለቁርጥማትና ለወገብ ሕመም ያለ ማዘዣ የሚገዙ ማስታገሻዎች፣ እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉት፣ በአረጋውያን ላይ ግፊት ይጨምራሉ፣ ጨጓራ ያደማሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ። ሰዉ የግፊቱን ክኒን «ኩላሊት ይጎዳል» ብሎ ትቶ ዳይክሎፌናክ በየሳምንቱ ይወጋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ኩላሊትን ይበልጥ የሚጎዳው ሳይታከም የቆየው ግፊት ነው።

በአገራችን በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሸጥ መድኃኒት ለሕዝብ አይተዋወቅም። በማስታወቂያ የሚሰማ «ልዩ መድኃኒት» ሲያጋጥም፣ ስያሜውም ሆነ የአምራቹ ስም የሌለበት ዱቄት ሲቀርብ፣ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ነጻ የስልክ መስመር ጥቆማ መስጠት ይቻላል።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ያለቀውንም ካርቶን ጭምር፣ በአንድ ከረጢት ይዘው ይሂዱ። አብሮ የሚሄድ ሰው ይኑር፤ ጆሮ የሚደክመውን አረጋዊ በልጁ በኩል ሳይሆን ፊት ለፊት፣ ቀስ ብሎ እንዲያናግረው ባለሙያውን መጠየቅ ነውር የለውም። ከመውጣትዎ በፊት «እኔ እንደገባኝ እንዲህ ነው» ብለው መልሰው ይንገሩት። ካልገባዎ እዚያው ይታያል። አክስቴን ያኔ እንዲህ ያናገራቸው ሰው ቢኖር «ይህቺ ክኒን እስከ መቼ ናት?» የምትለዋ አንዲት ጥያቄ ትነሳ ነበር።

ለልጆችና ለልጅ ልጆች ደግሞ፦ ለእናት ለአባት ቪዲዮ ከመክፈት በፊት እናንተ ፈትሹ። እናንተ ስታሳዩአቸው ምስክርነት እንደሰጣችሁ ይቆጥሩታል። የአክስቴ የልጅ ልጅ ይህን በከባድ ዋጋ ተምሯል። ዛሬ በየወሩ ብር ይልክላቸዋል፣ በየሳምንቱ ይደውላል። እሳቸው ግን አንድም ቀን አልወቀሱትም፤ «ልጅ ነው፣ ይሻለኛል ብሎ ነው» ነው የሚሉት።

ባለፈው ሰሞን ስደውልላቸው ጎረቤታቸው ለጉልበታቸው የሚቀባ ነገር ከስልክ አይታ እንዳመጣችላቸው ነገሩኝ። «ታዲያ ተቀቡት?» አልኳቸው።

«ኧረ ሙዳይ ውስጥ ነው ያለው» አሉኝ። «ማክሰኞ ጤና ኬላዋ ልጅ ትመጣለች፤ አይታ ትንገረኝ።»